መሬት ሳትረግጥ አታጥብቂ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ከዚያ አዲሱ ኃላፊያችን ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «እንግዲህ እትዬ ጫልቱ፣ አሁን እረፍት ነው፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው የልጅ ልጅ ያቅፋሉ» አለኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አሁን ደግሞ ቁጭ በይ ይሉኛል! ቤት ስደርስ ጋቢውን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ቱታዬን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት ቤቴ ውስጥ የተነሳው ክርክር ነው። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ኑሩ ዛሬ ኖፓ ነው የሚኖሩት፤ አርጅተዋል፣ ወገባቸውም ተጎድቷል። የልጅ ልጃቸው ኒካህ እኔ በምኖርበት መቱ ላይ እንዲሆን ሲቆረጥ፣ የራሴን ፒክአፕ እግር በራሴ እጅ፣ በራሴ ግቢ ቀይሬ እኔ አመጣቸዋለሁ አልኩ። ባንክ የምትሠራው ልጄ ሌንሳ «አታደርጊውም» አለች። እኔ ደግሞ አደርገዋለሁ አልኩ። ለምን እንደዚያ ግትር እንዳልኩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ።

ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ ሲዋቀሩ፣ መቱ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ዘይት የፈሰሰበት ላይ ሰጋቱራ በትኜ እጠርጋለሁ፤ ዓይኔ ግን የተፈታው መኪና ላይ ነው። ጋሼ ኑሩ ያኔ የጋራዡ የእግር መካኒክ ነበሩ። እግር የምንለው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ነገር ሁሉ ነው፤ ሞላው፣ ዝላዩን የሚያበርደው ሾክ፣ ከኋላ ተደራራቢ ብረቱ ባሌስትራ፣ ከፊት ደግሞ ጎማውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው የብረት ክንድ፣ በክንዱ ጫፍ የሚገባው ቡሽ የምንለው የጎማ ቀለበት። በኢሉባቦር መንገድ ሞተር ከመሞቱ በፊት እግር ይሞታል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነው፣ ድንጋዩ ስለት ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ቡና ከጫነ መጠን አያውቅም።

አንድ ቀን ጋሼ ኑሩ ከመኪና ሥር ብቅ ብለው አዩኝ። «ኮቱ!» አሉኝ፤ ነይ ማለታቸው ነው። ቁልፍ ሰጡኝና አንድ የዛገ ዳዶ አሳዩኝ። «ይህን ፍቺ።» መጀመሪያ ናፍጣ አጠጣሁት፣ ጥቂት ጠበቅሁ፣ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ነካ አድርጌ ከዚያ መለስኩት። ወጣ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እርስዎ ሲፈቱ አይቼ።»

«እንግዲያው መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጪ» አሉ።

የጋራዡ ኃላፊ አቶ በላይ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «ኑሩ፣ አብደሃል? ሴት ልጅ መኪና ሥር ተኝታ ምን ልትመስል ነው?»

«መካኒክ» አሉ ጋሼ ኑሩ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሼ ኑሩ የነጋዴ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ትልቅ የቡና ነጋዴ ነበር ይባላል። እሳቸው ግን ሚዛን ፊት መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ «ቡናው አይናገርም፤ መኪና ግን ይናገራል» ይሉ ነበር። እውነትም ያናግሩት ነበር። የታመመ መኪና ሲመጣ ሹፌሩን አይጠይቁም። የፊት መከላከያ ብረቱን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ይለቁታል፤ አንዴ ተነስቶ ዝም ካለ ሾኩ ደህና ነው፣ እንደ ፍየል ግልገል መዝለል ከጀመረ አልቋል። ከዚያ የመዶሻውን እንጨት ክንዱ ላይ አስደግፈው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፤ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል። «ይቺ ናት» ይሉና ይጠቁማሉ። ተሳስተው አላየሁም አልልም፤ ተሳስተዋል፣ ሲሳሳቱም እንደገና ጆሯቸውን ለጥፈው ይጀምራሉ።

የማያስነኩት ሕግ ነበራቸው። ሞላ በሰንሰለት ሳይታሰር አይነካም፤ ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ቡሽ ሲገባ ግራሶ አይቀባም፤ ግራሶ ጎማ ይበላል፣ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል። መለዋወጫ ጠፍቶ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቡሽ ቆርጠን ስንሠራ እንኳ ዙሪያውን በብርጭቆ ስባሪ ፍቀው ያለሰልሱት ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እግር ያሠራ መኪና ሲወጣ መጀመሪያ የሚሳፈረው የሠራው መካኒክ ነው። ሌላ ሰው አይገባም። «የሠራሽበት ላይ ካልተቀመጥሽ ምኑን ሠራሽው?» ይሉ ነበር። ሲሳፈሩ ሬዲዮ ያስጠፋሉ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ጎማውን ያዳምጣሉ፤ ዝናብ ቢሆንም ያው ነው። ከጎሬ ስንመለስም ሆነ ከኢሉባቦሯ ቡሬ፣ ደክሟቸው ዓይናቸው ደም ለብሶ እንኳ፣ መኪና ውስጥ ሲያንቀላፉ አላየኋቸውም።

አሁን ወደ ውድቀቴ ልምጣ፤ መቱ ያወቀው ነገር ስለሆነ የሚደበቅ የለውም። አንዲት ነጭ ፒክአፕ ነበረች፤ ወደ ቡሬ የምትመላለስ። ሹፌሯ ግርማ ይባላል፣ ምላሰኛ። የፊት ክንዷን ቡሽ ቀየርኩላት፤ ብዙም ሳይቆይ ተቀደደ። እንደገና ቀየርኩ፤ እንደገና ተቀደደ። ግርማ ጋራዡ መሀል ቆሞ «ያቺ ሴትዮ የሠራችው እግር ቡሬ እስክደርስ አይቆይም፤ ምጣድ ላይ ብትቀመጥ ይሻላታል!» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ምክንያቱን ግን እኔም አላወቅሁትም! ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ ቡሽ፣ በሳሙና ውኃ አስገብቼ፣ በደንብ ጥርቅም አድርጌ አጥብቄ፣ እኔ ሳልሳፈር ግርማን ላክሁት። ቡሬ ሊደርስ ሲል ቡሹ ተበጣጥሶ ክንዱ ተንሸራተተ፣ መሪው ከእጁ አመለጠና ፒክአፗ ቡና ማሳ ውስጥ ገብታ ቆመች። ግርማ የእጁ አንጓ ተሰበረ።

አቶ በላይ አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ ከመኪና ሥር አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ቆልፈውኝ ቁጭ አደረጉኝ ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ዳዶ በየመጠኑ እለያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ አለቅሳለሁ። ልተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ጋሼ ኑሩ የዚያን ሰሞን ጎሬ ነበሩ። ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ መጡ፤ የተቀደደውን ቡሽ በመዳፋቸው ይዘዋል። «እይው» አሉኝ። አየሁት፤ ጎማው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል።

«እጅሽን ወደ ታች ልቀቂው» አሉኝ። ለቀቅሁት። የሹራቤን እጅጌ ትከሻዬ አጠገብ አጥብቀው ጨመደዱ። «አሁን እጅሽን ወደ ላይ አንሺ።» ሳነሳ እጅጌው ወጠረኝ፣ ብብቴ ሥር ያለው ስፌት ጠሽ አለ።

«ጋሼ! ሹራቤን ቀደዱት እኮ!»

«እኔ አይደለሁም የቀደድኩት፤ አንቺ ነሽ፤ ጠብቆ ሳለ እጅሽን አነሳሽ።» ከዚያ ገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እንጨት ላይ ስትቀመጥ ጎማዋ ይንጠለጠላል፣ ክንዷም ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ሁኔታ ብሎኑ ከተጠበቀ የቡሹ ጎማ እዚያው ተጨምድዶ ይቀራል። መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ክንዱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ቡሹ ይጠማዘዛል፣ መኪናዋ ገና ከጋራዥ ሳትወጣ እየተቀደደ ነው። የሚያስቀው፣ እንዲያ የማጠብቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም! ግቢያችን ክረምት ከበጋ ጭቃ ስለሆነ መኪና ካወረዱት በኋላ ሥሩ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ ጋራዡ ሁሉ እንጨት ላይ እንዳለ አጥብቆ ነበር የሚሰደው። የቡሬ መንገድ የኔን ፈጥኖ አጋለጠው እንጂ የሁሉም ይቀደድ ነበር።

ጋሼ ኑሩ ከጣውላ ቤት ወፍራም ሳንቃ አመጡና ጭቃው ላይ አነጠፉ። «ከእንግዲህ መኪና እዚህ ላይ ትረግጣለች፤ ሰው ይቀመጥባታል፤ ከዚያ ነው የሚጠበቀው። መሬት ሳትረግጥ አታጥብቂ።» ያቺን ፒክአፕ እንደገና እኔ ሠራኋት። አቶ በላይ «እሷ የሠራችውን ማን ይሳፈራል?» አሉ። ግርማ የታሰረ እጁን እያሳየ «እኔ አይደለሁም» አለ። ጋሼ ኑሩ ሌላ ሹፌር ጠሩ፤ እኔን ከፊት አስቀመጡኝ፣ እሳቸው ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወጡ፤ ያን የሚጎረብጥ ብረት ላይ! ቡሬ ደርሰን በሰላም ተመለስን። ስንመለስ ከፊት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ድካማቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዓይንዎን ይክደኑ» አልኳቸው።

«ማን ሠርቶት ነው ዓይኔን የምከድነው?» አሉና ሳቁ።

እሳቸው ቀልደው ነው። እኔን ግን እንደ እሳት ፈጀኝ። አንድ ቀን እኔ በሠራሁት መኪና ውስጥ አስተኛዎታለሁ አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ቡሬ ተመድቤ ሠራሁ፣ ጎሬም ሠራሁ፣ ኃላፊ መጣ ኃላፊ ሄደ፣ ደሞዝ ዘገየ፣ ወረቀት ጠፋ። ሹፌሮች «እግሩን ጫልቱ ትየው» ማለት ጀመሩ፤ ግርማ ራሱ ጭምር። ጋሼ ኑሩ ግን እኔ በሠራሁት መኪና ዓይናቸውን ሳይከድኑ ጡረታ ወጡና ወደ ኖፓ ሄዱ።

ያቺ ነጭ ፒክአፕ በጨረታ ስትሸጥ ገዛኋት። ሰው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ! ባለፈው ክረምት ግን እግሯ ማንኳኳት ጀመረ፤ የክንዷ ቡሽ አልቆ፣ ሾኳ ዘይት አልቅሶ ጨርሶ። ኒካሁን ስሰማ ጋሼ ኑሩ ጋ ደወልኩ።

«አልመጣም» አሉኝ። «ወገቤን መኪና በልቶታል። ሚኒባሱም ባጃጁም አይመቸኝም ብያለሁ። ሙሽሮቹ ኖፓ መጥተው ይመረቁ።»

«የኔንስ መኪና?»

«አንቺ ሠርተሻት?» አሉ።

«እኔ።»

«መጀመሪያ ተሳፍረሽ ሞክሪያት» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ሌንሳ ይህን ስትሰማ እሳት ጎርሳ መጣች። «እማዬ፣ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ ሞልቷል እኮ! ጉልበትሽ ያማል፣ ዓይንሽ ደክሟል። ክሪኩ ቢያመልጥስ? ደግሞ ሰው ምን ይላል፣ ጡረታ የወጣች ሴትዮ ግቢዋ ውስጥ ጭቃ ላይ ተንጋልላ!»

«ሰው ያለውን ሁሉ ገና ድሮ ብሎ ጨርሷል» አልኳት። «ለሌላ ጋራዥ ሰጥቼ ካሠራኋት ጋሼ አይሳፈሩም። የጠየቁኝ ማን ሠራት ብለው ነው።»

«ወገባቸው ቢባባስስ? ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ!» አልኩ። እሷም ተናዳ ሄደች። ፍርሃቷ ልክ ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ቢሆንም አልተውኩትም።

ቡሹና ሾኩ ከጅማ በአውቶብስ መጡልኝ። ሳንቃውን ግቢዬ ውስጥ አነጠፍኩ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ከተትኩ፣ በክሪክ አነሳኋት፣ የዋንዛ ግንድ ደገፍኩላት፤ ክሪክ ብቻ ታምኜ ሥሯ አልገባሁም፣ ጅል አይደለሁም። ሞላውን በሰንሰለት አሰርኩ። የክንዱ ብሎን በዝገት ተበልቶ አልንቀሳቀስ አለ፤ ናፍጣ አጠጥቼው አደርኩ፣ በማግሥቱ በከሰል እሳት አሞቅሁት፣ ሰደብኩትም። ሲወጣ «እልል» ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ አየችኝ። አሮጌውን ቡሽ በብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ጨምቄ አወጣሁ፤ አዲሱን በሳሙና ውኃ አርጥቤ፣ በሰፊ ቧንቧ ቁራጭ ደግፌ፣ ቀስ እያልኩ አስገባሁ። ጉልበቴ ጮኸ። እጄ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚሠራውን አሁን አረፍ እያለ ይሠራዋል፤ ይሠራዋል ግን!

ሁሉን ገጥሜ፣ ብሎኖቹን ላላ አድርጌ ትቼ፣ ሳንቃው ላይ አወረድኳት። አሁን ሰው ሊቀመጥባት ይገባል። ሌንሳ ከሥራ ገብታ በረንዳው ላይ ፊቷን አጥቁራ ቆማለች።

«ነይ ተቀመጪባት» አልኳት።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም። ክብደት ሁኚ።»

«ዲግሪ ተምሬ ለክብደት?» አለችና ሳቋ አመለጣት። ገብታ ተቀመጠች። እኔ ሥሯ ገብቼ አንድ በአንድ አጠበቅሁ። «ጨረስሽ?» ትላለች በየደቂቃው። «አትንቀሳቀሺ!» እላታለሁ። ስወጣ እጄን ይዛ አነሳችኝ፤ በአዲሱ ሸሚዟ የፊቴን ጭቃ ጠረገችልኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን ወደ ሶር ወንዝ ቁልቁለት ይዣት ወረድኩ። ሬዲዮ አጠፋሁ፣ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ድንጋዩ ላይ ሆን ብዬ ነዳኋት። አላንኳኳችም። ተመልሼ መከላከያዋን ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤ አንዴ ተነስታ ዝም አለች።

የኒካሁ ዕለት ከሳጥኑ ያንን የጡረታ ጋቢ አወጣሁና ኖፓ ሄድኩ። ጋሼ ኑሩ በከዘራ ተደግፈው ደጃፋቸው ቆመዋል፤ እንዴት ከስተዋል! መኪናዋን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ያቺ ናት?»

«ያቺ ናት።»

«መሬት ረግጣ ነው ያጠበቅሽው?»

«ረግጣ። ሌንሳን አስቀምጬባት።»

ከዘራቸውን አስደግፈው መከላከያዋን በደካማ እጃቸው ጫኑና ለቀቁ። ከፊት ገብተው ተቀመጡ። ጋቢውን አጥፌ ከወገባቸው ኋላ ደገፍኩላቸው፣ በሩን ዘጋሁ። «ሱታ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ልጄ። ቀስ አልኩ። እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ጠጠሩን ስናልፍ ያዳምጣሉ፤ የውኃው ቦይ ጋ ስንወርድ ያዳምጣሉ። እኔ መንገዱን ሳይሆን ፊታቸውን ነው የማየው፤ ግንባራቸውን በቋጠሩ ቁጥር ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

መንገዱ ከሚከፋበት ስንደርስ አንገታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ድምፅ ጠፋ። አመማቸው ብዬ ደነገጥኩ፤ «ጋሼ?» አልኩ። ዞር ብዬ አየሁ። አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትንሽ ያንኮራፋሉ ደግሞ! አለቀስኩ። ምን ይደበቃል፣ መሪ ይዤ ጉንጬን ሳልጠርግ አለቀስኩ።

መቱ ስንደርስ የሠርጉ ቤት ደጃፍ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጅተዋል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋቸውና ሞተሩን አጠፋሁ። ሌንሳ ሮጣ መጥታ በመስኮቱ አየቻቸው።

«ተኝተዋል እንዴ? ላንቃቸው?»

«ንኪያቸውና እጅሽን!»

«እማዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

«ይጠብቃ!» አልኳት። «እኔ እሳቸው እስኪተኙ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ።»